ድምፅ የለውም፤ መንጃ ፈቃድ ግን ይጠይቃል

በነዳጅ ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ ግማሽ ቀኑን ያጠፋ ሰው፣ በአጠገቡ ድምፁን ሳያሰማ ሽው ብሎ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ባለሦስት እግር ሲያይ ቢጎመጅ አይፈረድበትም። ማታ ቤት ተሰክቶ ያድራል፤ ጠዋት ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ አስቤዛ ጭኖ ይመለሳል። ለጎረምሳው ደግሞ የኤሌክትሪክ ስኩተር አለ፤ ጉልበታቸው ለደከመ አያት ዝቅ ያለች ባለ ወንበር ተሽከርካሪ አለች፤ መኪና ለመግዛት አቅሙ ላልደረሰ ቤተሰብ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ ባለአራት እግር አለች። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ ኤሌክትሪክ የብዙ ቤተሰብ የቡና ሰዓት ወሬ ሆኗል።

በእነዚህ ወሬዎች ውስጥ የሚነሱት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ዋጋው ስንት ነው? ባትሪው ስንት ዓመት ያገለግላል? አንዴ ተሞልቶ የት ያደርሳል? "ማን ይነዳዋል? በምን ፈቃድ?" የሚለው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይነሳም። ሲነሳም "ይሄ እኮ ነዳጅ አይጠቀምም፤ ፈቃድ አያስፈልገውም" የሚል መልስ ከሻጩ ይገኝና ነገሩ በዚያው ይዘጋል።

ይህ መልስ ግን ገና ከመነሻው የተሳሳተ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚጠየቀው ተሽከርካሪው በሚጠጣው ነዳጅ ምክንያት አይደለም። የሚጠየቀው በፍጥነቱ፣ በጉልበቱ፣ በእግሩ ብዛትና በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ቤንዚን በኤሌክትሪክ ሲተካ የሚቀረው ጭሱና ጩኸቱ ነው፤ ሰው ገጭቶ የመጣል አቅሙ አብሮ አይቀርም።

ብስክሌቱ የት ያበቃል?

አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የሚመጡት ከቻይና ስለሆነ፣ በተሠሩበት አገር እንዴት እንደሚታዩ መመልከቱ ጠቃሚ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው የደረጃ መስፈርት፣ አንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት "ብስክሌት" ለመባል ፍጥነቱ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር፣ የሞተሩ ጉልበት ከ400 ዋት፣ ክብደቱም ባትሪውን ጨምሮ ከ55 ኪሎ ግራም ማለፍ አልነበረበትም፤ ፔዳልም ሊኖረው ይገባ ነበር። ከዚህ ካለፈ ሞተር ሳይክል ነው፤ ነጂውም ፈቃድ ያወጣል። ሁለት እግር ላለው ቀላል ሞተር አንድ የፈቃድ ዓይነት፣ ከፍ ላለው ሌላ፣ ለባለሦስት እግር ሞተር ደግሞ የራሱ ፈቃድ አለው። እኛ ዘንድ "ምንም አይጠይቅም" ተብሎ የሚሸጠው ባለሦስት እግር፣ ከፋብሪካው በር ወጥቶ ቻይና መንገድ ላይ ቢነዳ ፈቃድ ይጠየቅበት ነበር ማለት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም መስመሩን የሚያሰምሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ነጂው ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝ፣ እስከ 250 ዋት ጉልበት ያለው፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ እገዛውን የሚያቋርጥ ሞተር ያለው ከሆነ እንደ ብስክሌት ይቆጠራል። በሰዓት እስከ 45 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ ቀላል ባለሁለት፣ ባለሦስትና ባለአራት እግር ተሽከርካሪዎች ግን "ኤ ኤም" የሚባለውን የመጀመሪያ ደረጃ መንጃ ፈቃድ ይፈልጋሉ። ባለሦስት እግሩ ጉልበቱ ከፍ ካለና እስከ 15 ኪሎ ዋት ከደረሰ ደግሞ "ኤ 1" የተባለው ፈቃድ ይመጣል። ከዚያም በላይ ከሆነ ሌላ ደረጃ አለው። በዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ "ኤሌክትሪክ ስለሆነ ይለፍ" የሚል ቃል የለም።

25 ኪሎ ሜትር የሚለው ቁጥር ከአገር አገር የሚደጋገመው በአጋጣሚ አይደለም። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ 7 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ45 ሲሄድ ግን ከ12 ሜትር በላይ ይጓዛል። አንድ ልጅ ኳሱን ተከትሎ መንገድ ውስጥ ቢገባ፣ ነጂው ደንግጦ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ብቻ የሚያልፈው ርቀት ይህን ያህል ነው። በዚያ ላይ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ኃይል በአራት እጥፍ ያድጋል። ሕጎቹ ቁጥር የሚቆጥሩት ለዚህ ነው።

ዴልሂ የከፈለችው ዋጋ

"ይህች ትንሽ ነገር ምን ትጎዳለች?" ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የመረረውን መልስ የሰጠችው የሕንድ ዋና ከተማ ናት። በዴልሂ በባትሪ የሚሠሩ ባለሦስት እግር ሪክሾዎች ለዓመታት ያለ ሰሌዳ፣ ያለ መድንና ያለ መንጃ ፈቃድ ሲሠሩ ነበር። ምክንያቱም የሕንድ ደንብ ጉልበቱ ከ250 ዋት በታች የሆነና በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በታች የሚሄድ ባለባትሪ ተሽከርካሪን ከሞተር ተሽከርካሪ ዝርዝር ውጭ ያደርግ ነበር። ሪክሾዎቹ በዚህ ስም ይሸጡ እንጂ የብዙዎቹ ጉልበት ከተባለው እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2014 በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ በመንገድ ስትሄድ ከእነዚህ ሪክሾዎች አንዱ ገጫት። ሕፃኑ ከእቅፏ አምልጦ፣ በመንገዱ ዳር በነበረ የጣፋጭ መሸጫ፣ የፈላ የስኳር ውሃ በተጣደበት ድስት ውስጥ ወድቆ ሞተ። በዚያው ወር መጨረሻ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሪክሾዎቹ ከመንገድ እንዲወጡ አዘዘ። እንጀራቸው በዚያ ላይ የተመሠረተ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጂዎችም ሥራ አጥ ሆኑ።

መንግሥት በጥቂት ወራት ውስጥ የሚያስተዳድር ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ሪክሾው ከነጂው ሌላ ከ4 ሰው በላይ እንዳይጭን፣ የተሳፋሪ ዕቃ ከ40 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ተወሰነ። ነጂውም ሥልጠና ወስዶ ፈቃድ እንዲያወጣ ግዴታ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ራሱ ተሻሻለና ለእነዚህ ነጂዎች ፈቃድ የማግኛው መንገድ ቀለል ተደረገ። ልብ በሉ፤ መንገዱ ቀለለ እንጂ ፈቃዱ አልቀረም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአበው ምክር ዴልሂ ላይ ቀድሞ ቢሰማ ኖሮ፣ ደንቡ ከአደጋው በፊት በወጣ ነበር።

እኛ ዘንድስ?

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። አዋጁ ፈቃዶችን በምድብ ይከፋፍላል። ሞተር ሳይክል፣ ባለሦስት እግር፣ አውቶሞቢል፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ የደረቅና የፈሳሽ ጭነት እያለ ይቀጥላል። ክፍፍሉ በተሽከርካሪው ዓይነት እንጂ በሚንቀሳቀስበት የኃይል ምንጭ አይደለም። ባጃጅ በቤንዚን ቢሠራም በባትሪ ቢሠራም ባለሦስት እግር ነው።

ፈቃዱን ለማውጣት የሚኬድበት መንገድም የታወቀ ነው። አመልካቹ የዕድሜና የትምህርት መስፈርቱን ማሟላቱ ይታያል። የዓይንና የጤና ምርመራ ያደርጋል። በታወቀ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ተቋም የንድፈ ሐሳብና የተግባር ትምህርት ይወስዳል። በመጨረሻ በሁለቱም ይፈተናል። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚመራው የከተማዋ የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ሲሆን፣ ቅርንጫፎቹ በየአካባቢው አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ የቤተሰብ ኃላፊዎች የሚስቱት ነገር አለ። "እኔ የመኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ይህቺማ ምን አላት" ይላሉ። የያዛችሁት ፈቃድ የሚያስነዳችሁ በላዩ የተጻፈውን ምድብ ነው። ስለዚህ የኪስ ቦርሳችሁን አውጡና ፈቃዳችሁ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ አንብቡ። ልትገዙት ያሰባችሁት ተሽከርካሪ በየትኛው ምድብ እንደሚመዘገብ ደግሞ ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከባለሥልጣኑ ቅርንጫፍ ጠይቁ።

ፈቃድ መያዝ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን አግዶ፣ ልዩ ፈቃድ ላላቸው ብቻ እንደፈቀደ ይታወሳል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የባጃጅ አገልግሎት በከተማዋ ለጊዜው ቆሞ ኋላ በተወሰኑ አካባቢዎች እንዲሠራ ተደርጓል። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ላለ ዘመድ ያለ ችግር የሚያገለግል ተሽከርካሪ፣ አዲስ አበባ ላለ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚቀር ንብረት ሊሆን ይችላል። የት እንደሚነዳ ሳይታወቅ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

"ያክስቴ ልጅ ሮም ውስጥ ይነዳል እኮ!"

ጎረምሳ ያለበት ቤት ይህን ክርክር ያውቀዋል። ክረምት ላይ ከአውሮፓ የመጣ የዘመድ ልጅ፣ በ15 ዓመቱ መንጃ ፈቃድ እንዳለው እያሳየ ያወራል። እውነቱን ነው። በጣሊያንና በፈረንሳይ የ14 ዓመት ልጅ የ"ኤ ኤም" ፈቃድ አውጥቶ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ መንዳት ይችላል። የፈረንሳዩ ሲትሮየን "አሚ" የተባለችውን ባለሁለት ወንበር ተሽከርካሪ ሲያወጣ ከገዢዎቹ መካከል እነዚህን ልጆች አስቦ ነው። ጀርመንም እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ዕድሜ በመላ አገሪቱ 15 አድርጋለች።

ነገር ግን እነዚያ ልጆች ሠልጥነዋል፤ ፈቃድ ይዘዋል፤ ተሽከርካሪያቸውም መድን አለው። በኢትዮጵያ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚሰጥ የሞተር ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ የለም። "ኤ ኤም" የሚባል የታዳጊዎች ምድብም የለንም። ስለዚህ ከሮም የመጣው ልጅም ሆነ ቦሌ ያደገው ልጅ እዚህ መንገድ ላይ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ይጠብቃሉ።

"ሰፈር ውስጥ ብቻ ነው፤ ዋና መንገድ አይወጣም" የሚለው ማባበያም አያዋጣም። የሰፈር መንገድ ሕፃናት የሚጫወቱበት፣ ሽማግሌዎች በቀስታ የሚያልፉበት፣ በግ የሚጎተትበት መንገድ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ገና ሲነሳ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ እጀታውን ያለ ልምድ ጠምዘዝ ያደረገ ልጅ ሳያስበው ወደፊት ይወነጨፋል። ድምፅ ስለሌለውም የሚመጣበት ሰው ዘወር ለማለት ጊዜ አያገኝም። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 138፣ የኤሌክትሪክ መኪኖች በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲያሰሙ ያዛል። ይህ ደንብ ግን ለመኪኖች፣ ለአውቶቡሶችና ለጭነት ተሽከርካሪዎች እንጂ ለባለሁለትና ባለሦስት እግር አልወጣም። ለእነዚህ ማስጠንቀቂያው የነጂው ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ሦስት እግር የራሱ ጠባይ አለው

መኪና ለዓመታት የነዳ ሰው ባለሦስት እግር ላይ ሲቀመጥ እንደ አዲስ መማር አለበት። ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ ያለው ተሽከርካሪ የቆመው በሦስት ማዕዘን ላይ ነው፤ የማዕዘኑ ጠባብ ጫፍ ወደ ፊት ነው። ነጂው እየታጠፈ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊትና ወደ ጎን ይሄዳል፤ በዚያ አቅጣጫ ደግሞ የሚደግፈው ጎማ የለም። ስለዚህ ይገለበጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነት ቀንሶ፣ ከዚያ ፍሬኑን ለቆ መታጠፍ። ቀላል ቢሆንም ግን በልምምድ እንጂ በወሬ አይገኝም።

ጭነትም ይህን ጠባይ ይለውጠዋል። ልጆች ከኋላ በአንድ በኩል ተጠጋግተው ሲቀመጡ፣ ወይም የአስቤዛው ማዳበሪያ ከፍ ተደርጎ ሲጫን፣ ትናንት በሰላም የታጠፈው መንገድ ዛሬ ይከዳል። እንደ ሽሮ ሜዳ ባለ ቁልቁለት ደግሞ ፍሬኑ በደንብ መፈተሹ የሕይወት ጉዳይ ነው። የተለየ የፈቃድ ምድብ የተቀመጠው ለይስሙላ ሳይሆን ሥልጠናው የተለየ ስለሆነ ነው።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

አሁን ወደ ቤተሰቡ ኪስ እንምጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ጉዳቱን ያደረሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበረ ካስረዳ ነው የሚተርፈው። "ቁልፉን ሳላየው ወስዶ ነው" የሚል አባት ልጁን ሌባ ካላለ በቀር በዚህ በር አይወጣም።

ሁለተኛ በርም አለ። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2124 አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባቱን በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ ያደርጋል። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጁን የኤሌክትሪክ ሞተር ያስነዳ አባት በሁለት መንገድ ይጠየቃል፤ በባለቤትነቱና በአባትነቱ። የሰው እግር መሰበር፣ የሕክምና ወጪ፣ ሠርቶ አዳሪ የነበረ ሰው ያጣው ገቢ፣ ከዚህም የከፋው ሁሉ ተቆጥሮ ይመጣል። ለነዳጅ የዳነው ገንዘብ ከዚህ ጎን ሲቆም ምንም አይደለም።

መድን ያድነኛል ብሎ መጽናናትም አይቻልም። የሦስተኛ ወገን መድን ለተሽከርካሪ ግዴታ ነው፤ ይሁን እንጂ በመድን ውሎች ውስጥ የተለመደው ቃል፣ ነጂው ለተሽከርካሪው የሚስማማ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ አደጋ ከደረሰ የመድን ድርጅቱ ፊቱን ያዞራል፤ ወይም ለተጎጂው የከፈለውን ከባለቤቱ ይጠይቃል። ተሽከርካሪው ጭራሽ ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ መድን የሚገባለት ሰነድ የለም። ከዚህ ሁሉ በላይ በገንዘብ የማይመለስ ነገር አለ። በ16 ዓመቱ የጎረቤት ልጅ የገጨ ታዳጊ ያንን ቀን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል።

ከመክፈላችሁ በፊት

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ መግዛት መልካም ሐሳብ ነው። ጭስ የለውም፣ ወጪው ዝቅተኛ ነው፣ ጥገናውም ቀላል ነው። መልካምነቱ እንዲዘልቅ ግን ገንዘቡ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት እነዚህን ነገሮች አረጋግጡ።

መጀመሪያ፣ የፋብሪካውን ሰሌዳ አንብቡ። በተሽከርካሪው አካል ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ብረት የሞተሩን ጉልበት በዋት ወይም በኪሎ ዋት፣ ከፍተኛ ፍጥነቱንና የሚጭነውን ክብደት ትናገራለች። ሻጩ ከነገራችሁ ጋር ካልገጠመ የምታምኑት ብረቷን ይሁን።

ሁለተኛ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ጠይቁ። ሊብሬና ታርጋ የሚወጣው በዚህ ሰነድ ላይ ተመሥርቶ ነው። "ሰነድ አያስፈልገውም" የተባለ ዕቃ ነገ ልሽጠው ብትሉም ገዢ አያገኝም።

ሦስተኛ፣ የሻሲ ቁጥሩንና የሰነዱን ቅጂ ይዛችሁ ወደ ባለሥልጣኑ ቅርንጫፍ ሂዱ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ በየትኛው ምድብ ይመዘገባል? በየትኛው ፈቃድ ይነዳል? በየትኞቹ መንገዶች ላይ ተፈቅዷል? ግማሽ ቀን ይፈጅ ይሆናል፤ ከኋላ ጸጸት ግን ያድናል።

አራተኛ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚነዳው ወስኑ። ያ ሰው ፈቃድ ከሌለው የማሠልጠኛውን ክፍያ የተሽከርካሪው ዋጋ አካል አድርጋችሁ ቁጠሩት። ሹፌር ወይም የቤት ሠራተኛ እንዲነዳ ካሰባችሁም ፈቃዱን በዓይናችሁ አይታችሁ ቅጂውን ያዙ።

አምስተኛ፣ መድኑን ከመንገዱ አስቀድሙ። ውሉን ስትፈርሙ የነጂውን ፈቃድ የሚመለከተውን አንቀጽ አንብቡ፤ ካልገባችሁ አስነብቡ። የዓመቱ ቦሎም ጊዜው እንዳያልፍ ተከታተሉ።

ስድስተኛ፣ ቁልፉ ቦታ ይኑረው። እንደ መኪና ቁልፍ ይቀመጥ እንጂ እንደ ብስክሌት በር ላይ ተንጠልጥሎ አይዋል። ለልጆቻችሁም ምክንያቱን በግልጽ ንገሯቸው። "አይቻልም" ከሚለው ይልቅ "18 ሲሞላህ ራሴ ማሠልጠኛ አስመዘግብሃለሁ" የሚለው ቃል ጎረምሳን ያሳርፋል፤ ቃሉንም ጠብቁለት።

ነጂው ሠልጥኖ፣ ፈቃዱን በኪሱ፣ መድኑን በመስታወቱ ላይ ይዞ ሲወጣ፣ ያች ዝምተኛ ተሽከርካሪ ለቤተሰቡ በረከት ናት። ልጆችም ከኋላ ተቀምጠው በሰላም ትምህርት ቤት ይደርሳሉ።